ጉዱ ካሳ የማንም አፈ ቀላጤ አይደለም

የፍቅር እስከ መቃብር ጭብጥ የፊውዳሉን ሥርዓት ብልሹነት ማጋለጥ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የገዢውን መደብ ይወክላሉ፤ በዛብህ ድሃውን፣ ሰብለ ወንጌል በባህል የታሰረችውን ሴት። ጉዱ ካሳ ከዘመኑ የቀደመ ሰው ነው፤ ደራሲው የሚናገሩትም በእሱ አፍ ነው። አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረን ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይህን ሳይሳሳት ይወጣዋል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎታል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ገልብጦታል፣ ፈተና ላይ «የልቦለዱ ዋና ጭብጥ የቱ ነው?» ተብሎ ከሀ እስከ መ ተደርድሮ ቀርቧል። የተማሪ ነገር ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀውም፣ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ዳሰሳ የሚያቀርበውም፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈውም ቃሉን ትንሽ አሳምሮ የሚለው ይህንኑ ነው።

እኔ ይህ ትንተና ጎደለው አልልም፤ ተሳስቷል ነው የምለው። መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ያገኛል፣ ያለውን አያይም። ነገሩም በአንድ መጽሐፍ የሚያበቃ አይደለም። ከረጅም ልቦለድ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምቆ ማውጣትን፣ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ደግሞ እንደ ቀበሌ ተመራጭ የአንድ ወገን ወኪል አድርጎ መሰየምን «ሥነ ጽሑፍ መተንተን» ካልነው ብዙ ዘመን ሆነን። ፍቅር እስከ መቃብርን የመረጥኩት ይህ አነባበብ ከሁሉ የበለጠ የበደለው እሱን ስለሆነ ነው።

ለመሆኑ ከላይ ያሰፈርኩትን ለመጻፍ መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልጋል? በ1958 ዓ.ም. እንደታተመ፣ ታሪኩ ጎጃም ውስጥ እንደሚካሄድ፣ የባላባት ልጅና ድሃ የቤተ ክህነት ተማሪ ተዋደው ሳይሆንላቸው እንደቀረ የሰማ ሰው አንድ ገጽ ሳይገልጥ ይጽፈዋል። ሙሉ ነጥብም ያገኝበታል። ባነበበና ባላነበበ ሰው እኩል ሊጻፍ የሚችል ትንተና ስለ ዘመኑ ወይም ስለ ተንታኙ የሚነግረን ነገር ይኖረው ይሆናል። ስለ መጽሐፉ ግን ምንም አልተናገረም።

መጽሐፉን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው ዲማ አይደለም፤ ፊታውራሪ መሸሻንም አያገኝም። የሚደርሰው ማንኩሳ ነው፣ የሚያገኘውም ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስትን ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳይቸኩሉ፣ ኑሯቸውን በወጉ ዘርዝረው ያሳዩናል። አንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ይታመማል፤ እናት ደግሞ ከሞት ቢተርፍላት ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ትሳላለች። በዛብህ የስለት ልጅ ሆኖ ያድጋል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ ዜማና ቅኔ ይማራል፣ ኋላም እግሩ ዲማ ጊዮርጊስ ያደርሰዋል። የተለመደው ትንተና ይህን ሁሉ «የበዛብህ አስተዳደግ» በሚል ንዑስ ርዕስ ያልፈውና ወደ «ዋናው ታሪክ» ይሮጣል። አንድ ደራሲ ሥርዓተ መንግሥትን ሊያጋልጥ ተነስቶ ይህን ያህል ገጽ በአንዲት እናት ስለት ላይ ለምን እንደሚያጠፋ የጠየቀ ተንታኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እስቲ እንጠይቅለት። ፊታውራሪ መሸሻ አንድ ቀን ማለዳ ተነስተው «ልጄን ለበዛብህ ሰጥቻለሁ» አሉ እንበል። የዘር ቆጠራው ቀረ፣ ደረጃው ተሻረ፣ ድግሱ ተደገሰ። ታሪኩ አለቀ? አላለቀም። በዛብህ ገና የስለት ልጅ ነው። ከሰብለ ወንጌል የሚለየው አንደኛው ግንብ ደጃፉ ላይ የቆመ ነው፤ ሁለተኛው ግን ውስጡ ነው፣ እንቅልፍ ሲወስደውም አብሮት ይተኛል። የመጀመሪያውን ዐዋጅ ሊያፈርሰው ይችላል። ሁለተኛውን ያቆመው ባላባት አይደለም፣ ጨቋኝም አይደለም። ያቆመችው ልጇ እንዳይሞትባት የፈራች የማንኩሳ እናት ናት። በዛብህን ከማንም በላይ የወደደው እጅ ነው ከማንም በላይ አጥብቆ ያሰረው። ይህ ነገር ለየትኛው መደብ ይመዘገባል? ውድነሽ በጣሙ የማን ወኪል ናት?

የመጽሐፉን መጨረሻ ደግሞ እንመልከት። በዛብህን ማን ገደለው? ፊታውራሪ መሸሻ አልገደሉትም። ሰብለ ወንጌልን ሊያገቡ የታጩት ፊታውራሪ አሰጌም አልገደሉትም። ከዲማ ሸሽቶ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ከሁሉም እጅ አምልጧል። የገደሉት ከዚያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኙት ወንበዴዎች ናቸው፤ ማን እንደሆነ የማያውቁ፣ የማንን ልጅ እንደሚወድ ግድ የሌላቸው፣ ሌላም ሰው በዚያ ሰዓት ቢያልፍ ያንኑ የሚያደርጉ። እዚህ ላይ ተንታኛችን ይቸገርና «ሽፍትነትም ቢሆን የሥርዓቱ ውጤት ነው» ይላል። እንዲህ ከሆነማ የዓባይ በረሃ ሙቀትም የሥርዓቱ ውጤት ነው። ሁሉን የሚያስረዳ ምክንያት አንዱንም እንዳላስረዳ ይቆጠራል።

ማንኩሳን ያልዘነጋ አንባቢ ግን ይህን ሞት ሲያነብ አንድ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይገጥመዋል። ስለቱ ተፈጸመ ማለት ነው? ለእግዚአብሔር የተሰጠው ልጅ ጎጆ ሳይቀልስ፣ ልጅ ሳይወልድ ወደተሰጠበት ሄደ? ወይስ ነገሩ ባዶ አጋጣሚ ነው፣ ስለቱም የአንዲት ምስኪን ሴት ፍርሃት ብቻ ነበር? ሐዲስ አይነግሩንም። ሁለቱንም በር ክፍት ትተው ይሄዳሉ። እኔ የዚህን መጽሐፍ ትልቅነት ካየሁባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ዝምታ ነው፤ «ጭብጡ ይህ ነው» የሚለው ሰው መጀመሪያ የሚደፍነውም ይህንኑ ዝምታ ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ሰብለ ወንጌል የምታደርገውን ተመልከቱ። መንኩሳ ከመቃብሩ አጠገብ ትቀራለች። ልቦለዱ ባህልንና ልማድን አውግዞ ለማሳጣት የተጻፈ ከሆነ ጀግናዋ በመጨረሻ መጠጊያ ያገኘችው ከዚያው ባህል ውስጥ፣ ከቆቡ ሥር መሆኑን ምን ልንለው ነው? እናት ለልጇ የተሳለችውን ሕይወት ፍቅረኛዋ ወርሳ ኖረችው። የስለቱን ዕዳ ሰብለ ወንጌል ከፈለችው ብል ከመጽሐፉ ብዙ የራቅኩ አይመስለኝም። በ«ፀረ ፊውዳል» መነጽር ይህ አይታይም፤ ቢታይም እንደ ደራሲው ድካም ይቆጠራል። «ደራሲው ከሃይማኖታዊ አስተሳሰብ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቁም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ከጭብጡ ጋር አልሄድ ሲል ጥፋተኛው መጽሐፉ ሆነ ማለት ነው።

«ወኪል» የሚለው ነገር ደግሞ ራሱን ችሎ የሚያስቅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የባላባቱ መደብ ወኪል ናቸው ይባላል። ጥሩ። አንድ የመደብ ወኪል ከሁሉ አስቀድሞ የመደቡን ጥቅም ያስጠብቃል ብለን እናስብ። ታዲያ እሳቸው ምን ያደርጋሉ? አንዲት ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ሁሉ በዘሩ እያናናቁ ይመልሳሉ። ልጅቱ ዕድሜዋ ያልፋል፣ ቤታቸው ወራሽ የልጅ ልጅ ሳያይ ይቀራል። የዘር ኩራታቸው መጀመሪያ የሚያጠፋው የራሳቸውን ዘር ነው። ደግሞም ሊቀጧቸው ጦር አስከትተው የወጡባቸው ገበሬዎቻቸው ማርከው ይይዟቸዋል። ይህን ክፍል ያነበበ ሰው ካልሳቀ መጽሐፉን አላነበበም እላለሁ። ሐዲስ ከልባቸው ነው የሚቀልዱባቸው፤ ያም ሆኖ በጥላቻ አይደለም። ሽማግሌው እብሪተኛ ናቸው፣ ግትር ናቸው፣ አንዳንዴ ልብ የሚነካ የዋህነት አላቸው። ፊታውራሪነት ብቻውን ሰውን እንዲህ አያደርግም። ፊታውራሪ አሰጌም እኮ ፊታውራሪ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያምታታ አንባቢ ግን የለም። አንድ ማዕረግ፣ አንድ መደብ፣ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎች። የወኪልነት ነገር ትክክል ቢሆን ኖሮ አንዱ በበቃ ነበር።

ሕዝቡ ከተንታኙ የተሻለ አንባቢ መሆኑን የማምነው ለዚህ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ፣ የራሱን ትንፋሽ ሰጥቶ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ የሚንቀጠቀጠው አንድ ሽማግሌ ነው እንጂ ሥርዓተ ማኅበር አይደለም። ያን ትረካ የሰማ ሰው ዛሬም ስለ መጽሐፉ ሲያወራ «እሳቸው እንዲህ አሉ፣ እሷ እንዲህ መለሰች» እያለ ነው። ክፍል ሲገባ ግን ይህ ሁሉ እንደ ወሬ ተቆጥሮ ደጅ ይቀራል።

ወደ ጉዱ ካሳ ልምጣ፤ ዋናው ጠብ በእሱ ላይ ነውና። ካሳ ዳምጤ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው። «ጉዱ» ያለው አገሩ ነው፤ እብድ ነው፣ ጉድ ነው ተብሎ የተተወ ሰው ነው። ብዙ ይናገራል። የአገሩን ማኅበራዊ ኑሮ ከድንጋይ ካብ ጋር ያመሳሰለበትን ንግግር በቃሉ የማያውቀው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጥቂት ነው። እሱን ንግግር ቆርጠው ያወጡና «የደራሲው መልእክት» ብለው ይሰቅሉታል። ግን ማን ተናገረው? ለማን? ሰሚው ምን አደረገ? እነዚህን ጥያቄዎች ከመለስን ንግግሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የሚናገረው ማንም የማይሰማው ሰው ነው። የሚያዳምጠው በዛብህ አንድ ምስኪን ደብተራ ነው፣ የሰማውን ተሸክሞ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ገበሬዎቹ ሲነሱ የመራቸው አበጀ በለው ነው፤ ያስነሳቸውም ከራሳቸው ትከሻ ላይ ያለው ሸክም እንጂ የካሳ ትምህርት አይደለም። የልቦለዱ አንድ ፖለቲካዊ ድርጊት የሚፈጸመው ከልቦለዱ «ፖለቲካዊ አሳቢ» ርቆ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ሐዲስ አንድ አፈ ቀላጤ ቢያስፈልጋቸው ኖሮ ሰሚ ያለው፣ ክብር ያለው፣ ቢያንስ አንድ ሰው ያሳመነ ሰው መፍጠር አያቅታቸውም ነበር። የፈጠሩት እውነት ተናግሮ እውነቱ ምንም የማያነቃንቅለትን ሰው ነው። ረጅም ዘመን ከተናቀበት መንደር ሳይወጣ፣ ከሚወቅሳቸው ዘመዶቹም ሳይርቅ ይኖራል። ትክክል መሆንና ብቻ መሆን ሰውን ምን እንደሚያደርገው ያሳዩናል። ካሳን ወደ መፈክር ስንለውጠው የሚጠፋው ይህ ብቸኝነት ነው፤ ያለ ብቸኝነቱ ደግሞ ካሳ የሚባል ሰው የለም።

በዚህ ላይ አደፍርስን ብናስበው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባወጡት በዚያ ልቦለድም አንድ የተማረ፣ ብዙ የሚናገር፣ ሁሉን ሊያቃና የሚሻ ወጣት አለ። የእሱም ትንተና አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነው፦ «የአሮጌውና የአዲሱ ግጭት»። ይህች ሐረግ ከ«ፀረ ፊውዳል» ቀጥላ በአማርኛ ሂስ ውስጥ ያልገባችበት ቤት የለም፤ ከአንድ መጽሐፍ አንስተህ ሌላው ላይ ብታሳርፋት ትገጥማለች። ግን አደፍርስን ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው የሚያስታውሰው የወይዘሮ አሰጋሽን ምላስ ነው፣ የጎርፉን ነገር አነጋገር ነው፣ ሁሉም በየራሱ ተረትና ምሳሌ ሲሟገት ነው። ወጣቱ አንድ ንግግር በተናገረ ቁጥር ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች ቋንቋ ይገዝፍበታል። ዳኛቸው ለማን ይፈርዳሉ? አይፈርዱም። ግጭት የሚለው ሰው አሸናፊና ተሸናፊ ፍለጋ ይገባል፤ መጽሐፉ ግን የአንድ አገር ሰዎች ሊደማመጡ ሳይችሉ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ሲያሳየው ይውላል።

ይህ የአነባበብ ልማድ ከየት መጣ? አንድ ምንጩ ግልጽ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሁሉ ነገር በመደብ ሚዛን መመዘን ሲጀምር ሥነ ጽሑፍም አልቀረለትም። ፍቅር እስከ መቃብር ከአብዮቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ባላባት አለበት፣ ያመጸ ገበሬ አለበት፣ የሚተች ምሁር አለበት። ለትንቢትነት ከዚህ የተመቸ ከየት ይገኛል? አብዮቱ የሚፈልገውን መጽሐፍ አገኘ፣ መጽሐፉም የአብዮቱ ምስክር ተደርጎ ቆመ። ያ ዘመን አለፈ፣ መፈክሩ ተነሳ፣ ሐውልቱ ፈረሰ፤ የክፍል ማስታወሻው ግን እንደነበረ ቀረ። ሶሻሊዝምን ከናካቴው የሚጠላ መምህር እንኳ ልቦለድ ሲያስተምር የመደብ ትንተና ሲያስተምር ይውላል፣ ስሙን ሳያውቀው።

ሌላው መከራከሪያ የደራሲው ሕይወት ነው። ሐዲስ ለውጥ ፈላጊ ነበሩ፣ ስለዚህ ካሳ እሳቸው ናቸው ይባላል። ለውጥ ፈላጊ መሆናቸውን አልክድም። ግን ሐዲስ የፖለቲካ ሐሳባቸውን መናገር ሲፈልጉ በራሳቸው ስም፣ በገሃድ ጽፈዋል፤ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚለው መጽሐፋቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሐሳብን ቀጥ አድርጎ መጻፍ የሚችል ሰው ያንኑ ሐሳብ በእብድ አፍ ደብቆ፣ በፍቅር ታሪክ ጠቅልሎ በመቶዎች ገጽ የሚያዞረን ለምንድን ነው? ልቦለድ የጻፉት በሌላ መንገድ ሊነገር የማይችል ነገር ስለነበራቸው ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ወደ አስተዳደር ሐሳብ የምናሳጥረው ከሆነ ያን አጭሩን መጽሐፍ አንብበን መገላገል እንችል ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከራሳችን ትውፊት የሚመጣው ነው። «እኛ የሰምና ወርቅ ሰዎች ነን፤ ውስጡን ፈልፍሎ ማውጣት ባህላችን ነው፤ ጭብጥ ፍለጋ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም» የሚሉ አሉ። ሐዲስ በጎጃም ቅኔ ቤቶች የተማሩ ሰው ስለሆኑ መከራከሪያው ይበልጥ ክብደት አለው። ግን ቅኔ ቤት ምን እንደሚደረግ እናስታውስ። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ መምህሩ «ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ አያሰናብተውም። ቤቱ መታ አልመታም? ቃሉ ለሁለቱም ሊሆን ቻለ ወይስ ለአንዱ ብቻ? ሰሙ ወርቁን ተሸከመው ወይስ ተሰበረበት? ምስጋናውም ተግሣጹም የሚመጣው ከዚህ ነው። ወርቁ ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ የክርስቶስ ስቅለት ነው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰማዕትነት ነው። ባለቅኔውን ባለቅኔ ያሰኘው የታወቀውን ነገር ባልታወቀ መንገድ ማምጣቱ ነው። እንዲህ ካየነው ቅኔ ቤት የሚያስተምረው የክፍላችንን ተቃራኒ ነው። እኛ ወርቅ ነው ያልነውን ይዘን ሰሙን እንጥላለን፤ በልቦለድ ዓለም ደግሞ ያ የጣልነው ሰም ማንኩሳ ነው፣ የውድነሽ ስለት ነው፣ የሽማግሌው ቁጣ ነው።

የዚህ አነባበብ ጉዳት በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ቢያበቃ ባልተቆጣሁ ነበር። ገጸ ባሕርይን ሁሉ የአንድ ነገር ወኪል አድርጎ የሚያነብ፣ ከመጽሐፍ ሁሉ አንድ መልእክት ብቻ የሚፈልግ፣ የደራሲውን አፍ ከገጸ ባሕርዩ አፍ የማይለይ አንድ ትጉህ አንባቢ በታሪካችን እናውቃለን። ሳንሱር ነው። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ሲወጣ «ይኼ ማን ነው? ያኛውስ ማንን ለማለት ነው?» የሚለው አነባበብ መጽሐፉን ከገበያ አስነሳው፣ ደራሲውን ከሥራው አፈናቀለው። በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እርግጥ ኦሮማይ ከእውነተኛ ዘመቻ የተቀዳ ነው፤ በዘመኑ የነበሩ ባለሥልጣናት ራሳቸውን እንዳዩበት ይነገራል፤ ይህን መካድ ሞኝነት ነው። ቢሆንም እዚያ ውስጥ ፊያሜታ ጊላይ የምትባል ሴት አለች፤ ከየትኛውም ባለሥልጣን ጋር አትዛመድም፣ ለየትኛውም ወገን አትመዘገብም። ከአርባ ዓመት በኋላ መጽሐፉን በእጃችን ያቆየው የዘመቻው ዘገባ ነው ወይስ እሷና ፍቅረኛዋ ጸጋዬ ኃይለማርያም? የባለሥልጣናቱን ስም የማያውቅ የዛሬ ወጣት አንብቦ ማልቀሱ መልሱን ይነግረናል።

አንድ ነገር ግን ልቀበል። ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ሥርዓቱን የሚነቅፍ ነገር የለም አላልኩም። ሞልቷል። ገበሬው ይጨቆናል፣ በዘር መመካት ይነቀፋል፣ ያለ ፈቃድ መዳር ይወገዛል። መጽሐፉ ትችት በውስጡ አለበት ማለት ግን መጽሐፉ ትችት ነው ማለት አይደለም። «ተማሪው መነሻ ያስፈልገዋል፤ ጭብጥ ካልሰጠነው በምን ይያዘው?» ለሚለውም መምህር መልስ አለኝ፦ መነሻው ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ጥያቄ ይሁን። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ አንድም ቀን በእግሯ ተጉዛ የማታውቀው የወይዘሮ ልጅ በዛብህን ፍለጋ ያን ሁሉ መንገድ ስትወጣ እሱ ከዲማ ሲሸሽ ለምን ይዟት አልወጣም? ከሁለቱ ማን ደፋር ነው? የድሃው ልጅ የሚፈራውን የባላባት ልጅ የማትፈራው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ መጽሐፉን ያላነበበ ተማሪ ሊመልሰው አይችልም፤ ያነበበ ተማሪ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ይጣላበታል። አንዱ «ስለቱ ነው የያዘው» ይላል፣ ሌላው «ያጣ ሰው የሚያጣው ይበዛበታል» ይላል፣ ሦስተኛው «በዛብህ መጀመሪያውንም ፈሪ ነው» ይላል። ሁሉም ማስረጃ ከገጹ ማምጣት አለባቸው፤ የተሳሳተውም በገጹ ይረታል። «ፊውዳሉን ማጋለጥ ነው» የሚለው መልስ ግን የሚረታበት ገጽ የለም፣ ምክንያቱም ከየትኛውም ገጽ አልመጣም።

«እንዲህ ከሆነማ ሁሉም የየራሱን ይላል፣ ሂስ የሚባል ነገር ይጠፋል» የሚል ስጋት እሰማለሁ። ተገላቢጦሽ ነው። ሂስ የጠፋው ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ስለሚል ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ሰብለ ወንጌል እናት ስለ ወይዘሮ ጥሩአይነት ተከራክረው፣ ለልጇ አዝናለች ወይስ ባሏን ፈርታለች ብለው ሲሟገቱ የሰማ አለ? ስሟ የሚነሳው «ንዑስ ገጸ ባሕርያት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ከአንድ መስመር በላይም አታገኝም። በባልና በልጅ መካከል የቆመች የዚያን ቤት ሴት ሐዲስ ለዝርዝር ማሟያ አልፈጠሯትም።

ለማንኛውም ካሳን አብዮተኛ፣ የለውጥ ሐዋርያ፣ የደራሲው አፍ የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ያስረዱኝ። ያ ሁሉ ንግግር የተናገረ ሰው በመጨረሻ ከዲማ ተነስቶ ሲወጣ ወዴት ሄደ? ወደ አበጀ በለው አልሄደም፣ ወደ ገበሬዎቹ አልሄደም፣ ቃሉን ሊያሰማ ወደ አዲስ አበባ ሹማምንትም አልሄደም። የወጣው አንዲት ልጅ ፍለጋ ነው፤ የተቀበረውም ከእሷና ከበዛብህ ጋር በአንድ ስፍራ ነው። ሥርዓቱን ሊንድ የተፈጠረ ሰው ነው ካላችሁ ይህን ጉዞ በመደብ ቋንቋ አስረዱኝ። እኔ ማስረዳት የምችለው ካሳ ሰብለን ይወዳት ነበር በማለት ብቻ ነው፤ የመጽሐፉ ርዕስም ሁለት ሰዎች ብቻ አይልም።